በቡሎኑ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም

ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሚታዘንለት ሌላ ሰው አለ፤ ያ ሰው ግን የማንንም ሐዘኔታ የሚፈልግ ዓይነት አልነበረም። እኔ የምፈልገው ነገሩን አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳልቀንስና ሳላሳምር መናገር ነው። እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ ግማሹን ብቻ ስናገር ኖሬአለሁ። ግማሽ እውነት እንዴት እንደሚመች የሞከረው ያውቀዋል።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ አውቶ መካኒክ ተምሬ፣ ሳሪስ አንድ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቼ፣ በሱዳን በኩል ካይሮ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና “በሂደት ላይ” ነበር። በሂደት ላይ ያለ ሰው ካይሮ ውስጥ ፖሊስ ሲያይ መንገድ ይሻገራል፣ ሲሰድቡት ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ይላል። ጉራዬ ግን አብሮኝ ተሰዷል። በዚያች ከተማ ከኔ የተሻለ መካኒክ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ ካይሮ ሃያ ዓመት ኖረዋል፣ ከዚያ ውስጥ አሥራ አምስቱን በአንድ ወርክሾፕ፣ መኪና ሥር ተኝተው ነው ያሳለፉት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተዋወቅን። በሁለተኛው ቀን እጄን ይዘው የወርክሾፑ ባለቤት ኡስታ ረጋብ ዘንድ ወሰዱኝና “ይህ ልጅ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው” አሉለት። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ማዓዲ ሰፈር ሰው ቤት እየዞሩ ይሠሩ ነበር፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ቤት ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት የቆመው በጋሽ በላቸው ሁለት እጆች ላይ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ልላችሁ አልችልም።

የኡስታ ረጋብ ወርክሾፕ ከሄሊዮፖሊስ ጀርባ፣ ጋራዦች በተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ካይሮ ውስጥ መኪና በአንድ ቤት አይታከምም፤ ሞተሩ አንዱ ጋ፣ ኤሌክትሪኩ ሌላው ጋ፣ ቀለሙ ሦስተኛው ጋ ነው። የኛ ሥራ ዓፍሻ ነበር። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን፣ ከሆዱ በታች ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ ነው እንደዚያ የሚሉት።

ኡስታ፣ የሙያ አለቃ ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ ያላየሁት አንድ ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የቀለም እስክሪብቶ አለው። ቡሎን አጥብቆ ሲጨርስ ራሱ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል። ነጭ የአንድ ግብፃዊ ባልደረባችን ነበር፤ ቢጫ የጋሽ በላቸው። እኔ ወረቀት የሌለኝ ስለሆንኩ ቀለምም አልነበረኝም፤ በሳቸው ሥር ስለምሠራ በሳቸው ቢጫ ነበር የማሰምረው። ሥራ ተበላሽቶ ሲመለስ ኡስታ ጎንበስ ብሎ ቀለሙን ያያል። የቀለሙ ባለቤት ያንኑ ዕለት ልብሱን ቀይሮ ይሄዳል። ልመና የለም፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። አንድ ሰው እንዲህ ሲሄድ በዓይኔ ዓይቻለሁ፤ ሲሄድ ማንም ቀና ብሎ አላየውም፣ እኔም ጭምር።

ነገሩ የሆነው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ወይዘሮ ማርታ መኪናዋን በሩ ላይ አቁማ ወረደች። አየር መንገድ ውስጥ የምትሠራ፣ ሄሊዮፖሊስ የምትኖር የሀገራችን ሴት ናት። ከሁለት ወር በፊት የፊት እግሩ ይንኳኳል ብላ አምጥታው ሠርተን ሰጥተናታል። ዛሬ ሰላምታም አልሰጠችን።

“ልጄን ልትገሉብኝ ነበር” አለች በአማርኛ፤ ቀጥላ ለኡስታ በዓረብኛ ደገመችው። ትናንት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት ስታመጣ፣ ከድልድዩ የሚወርደው የቀኝ ጥምዝ ላይ መኪናው መሪውን አልሰማ ብሎ ወደ ግራ ሄዶ ከአጥሩ ጋር ተፋትጓል። የልጅቷ ቅንድብ ተሰንጥቆ ተሰፍቷል። በግራ በኩል የመኪናው ጎን ከፊት እስከ ኋላ ተልጧል።

ጋሽ በላቸው ከወዲያ ማዶ ካለ መኪና ሥር ወጥተው ቆሙ። “ሕፃኗ እንዴት ናት?” አሉ።

“ደህና ናት፣ ጋሽ በላቸው። ግን እርስዎን አምኜ ነበርኮ ያመጣሁት።”

ጋሽ በላቸው ወደ መኪናው መጠጋት ሲጀምሩ ኡስታ ረጋብ እጁን ዘረጋ። “አንተ ተው ያ ዓም በላቸው። ሥራውን የሠራ ሰው ራሱ አይመረምረውም።” ባለ ነጭ ቀለሙ ግብፃዊ ያን ቀን አልገባም ነበር። የኡስታ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። “ስንታ፣ አንተ እየው። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ለሷም በቋንቋዋ ትጠይቃታለህ። የዕቃው ጥፋት ነው ወይስ የእጅ፣ እሱን ነው የምፈልገው።” ስንታየሁ የሚለው ስም አፉ ላይ ስለማይገባለት ስንታ ነበር የሚለኝ፤ ጋሽ በላቸውን ደግሞ በአክብሮት ዓም፣ አጎት፣ ይላቸዋል።

ደስ አለኝ። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ያቺ ሴት የልጇ ቅንድብ ተሰፍቶ፣ ጋሽ በላቸው እጃቸው ታስሮ ቆመው፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አንድ መኪና መርምር ስለተባልኩ ደስ አለኝ።

“ቀጥታ መንገድ ላይ ይጎትትሻል?” አልኳት።

“የለም። ቀጥታ ላይ ደህና ነው።”

“ወደ ግራ ስትጠመዝዢስ?”

“እሱም ደህና ነው። ወደ ቀኝ ሳዞር ብቻ ነው ወደ ግራ የሚያመልጠኝ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር፤ የኔ አነዳድ መስሎኝ ዝም አልኩ።”

መንጃ ፈቃድ ስላልነበረኝ እሷ እየነዳች እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ወጣን። ሰፊው መንገድ ላይ መሪውን ለቅቀሽ ያዢው አልኳት፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ ግራ አዞረች፤ ምንም። ወደ ቀኝ ስታዞር ግን አፍንጫው መታጠፍ ጀምሮ መሃል ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስል ወደ ውጭ ሸሸ። መሪውን ስታቀና መለስ አለ።

“አየኸው?” አለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ወጥቷል።

“አየሁት። አትፍሪ፤ አገኘዋለሁ።”

በጭንቅላቴ እያሰላሁ ነበር። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የመኪናው ክብደት በሙሉ የሚያርፈው ግራ እግሩ ላይ ነው። ስለዚህ ሸክም ሲበዛበት ቦታውን የሚለቅ ነገር በግራ በኩል አለ። ግን መካኒክ በግምት አይፈርድም፤ ከቀላሉ ተነስቶ አንድ በአንድ ያጠራል። ተመልሰን የአራቱንም ጎማ ንፋስ ለካሁ፤ እኩል ነው። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይሬ እንደገና ወጣን፤ ጥፋቱ የጎማው ከሆነ ጎማውን ተከትሎ ወደ ሌላው ጎን መሄድ አለበት። አልሄደም። ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ ብዬ ስንመለስ የሁለቱንም ጎማ መሃል በእጄ ነካሁ፤ እኩል ለብ ያለ ነው። ፍሬኑም ነፃ ወጣ።

ኡስታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ያየኝ ነበር። ጋሽ በላቸው ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ግን መፍቻቸው ብዙም ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም።

ግራውን በክሪክ አንስቼ ካርቶን አንጥፌ ሥር ገባሁ። የቀረኝ ብራቾው ነበር፤ ከመኪናው አካል ወደ ጎማው የተዘረጋ፣ ክንድ የሚመስል ብረት ነው። ክንዱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቦኮላ አለ፤ ብረት ለብሶ መሃሉ ቡሎን የሚያልፍበት ወፍራም ጎማ ነው። ረጅም ብረት አስገብቼ ክንዱን ወደ ኋላ ገፋሁት። ሄደ። ሁለት ጣት የሚያህል ሄደ። መብራቱን አስጠጋሁ። ከሁለት ወር በፊት አዲስ የገባው ቦኮላ ዙሪያውን ተቀድዶ፣ ቅዳዱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዞ ነበር።

ቡሎኑ ራስ ላይ ቢጫ መስመር አለ። መስመሩ ወደ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጠመም ይላል። ጋሽ በላቸው ቀጥ አድርገው ነው የሚያሰምሩት። ጠመም የሚያደርገው እጅ የኔ ነው።

መኪናው ሥር እንደተኛሁ ያ ቀን ሙሉ በሙሉ መጣብኝ። ከሁለት ወር በፊት ጋሽ በላቸው ቦኮላውን ካስገቡ በኋላ እትዬ አስካለን ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ መውጣት ነበረባቸው። “ቡሎኖቹን በእጅህ ብቻ አስገብተህ ተዋቸው። መኪናው መሬት ላይ ሲቀመጥ መጥቼ አጠብቃቸዋለሁ” አሉኝ። ምክንያቱን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ተነስቶ እግሩ እንደተንጠለጠለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ቦኮላው በተንጠለጠለበት ሁኔታ ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ጎማው ይጠመዘዛል፣ በየጉድጓዱ እየተጠመዘዘ ቆይቶ ይቀደዳል። አዲስ አበባ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ።

ግን ኡስታ፣ ጋሽ በላቸው መውጣታቸውን ሳያውቅ፣ ደንበኛዋ ቆማለች ብሎ ጮኸ። እኔም እሳቸው ሳይመጡ ጨርሼ ላሳያቸው ፈለግኩ። መንገዳችን ያዘነበለ ስለሆነ አውርዶ፣ ገፍቶ፣ ደልዳላ ቦታ ወስዶ፣ ሥሩ ገብቶ ማጥበቅ ጊዜ ይፈጃል። እንደተንጠለጠለ አጠበቅኩት። በቢጫው አሰመርኩ። መኪናዋ ሄደች።

ጋሽ በላቸው ሲመለሱ ባዶውን ቦታ አዩ። “መኪናውን አውርደህ ነው ያጠበቅከው?” አሉኝ።

“አዎ፣ ጋሽ በላቸው” አልኩ።

“ጎበዝ” አሉኝ። ሌላ አልጠየቁኝም።

“ስንታ! እንቅልፍ ወሰደህ?” የሚለው የኡስታ ድምፅ አነቃኝ። ወጣሁ። ወይዘሮ ማርታ እጇን አጣምራ ቆማለች። ጋሽ በላቸው ከሦስት እርምጃ ያህል ርቀው መፍቻቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

“የብራቾው ቦኮላ ተቀድዷል” አልኩ።

“አዲስ አይደለም እንዴ?”

“አዲስ ነው።”

“ዕቃው ነው ወይስ እጅ?”

ዕቃው ነው ማለት አማረኝ። ኡስታ ግን ልጅነቱን በዚህ ሥራ የጨረሰ ሰው ነው። ብርጭቆውን አስቀምጦ ራሱ ተንበረከከ፤ በመብራቱ አንድ ጊዜ አየና ተነሳ።

“በአየር ላይ ነው የጠበቀው” አለ። “እንደተንጠለጠለ። ጀማሪ እንኳ ይህን አይሠራም። ቀለሙ ምንድነው፣ ስንታ?”

ራሱ አይቶታል። የጠየቀኝ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር።

እውነት ለመናገር ጊዜ አጥቼ ነበር አልላችሁም። ጊዜ ነበረኝ። የመንገዱን ጩኸት ሁሉ እየለየሁ ለመስማት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ጋሽ በላቸው እያዩኝ ነበር። ቁጣ አላየሁባቸውም፤ መልስ የሚጠብቅ አስተማሪ እንደሚያየው ነው ያዩኝ።

“ቢጫ” አልኩ።

አያችሁ፣ አልዋሸሁም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ኡስታ ወደ ጋሽ በላቸው ዞረ። እንደሚለምን ሰው ነው የጠየቃቸው። “ዓም በላቸው፣ አንተ እንዲህ አትሠራም። አሥራ አምስት ዓመት! ሌላ ሰው ነካው?”

ያን ጊዜም እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ጋሽ በላቸው ትንሽ ጠበቁ። ማንን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ከዚያ መፍቻውን በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡት።

“ቀለሙ የኔ ነው” አሉ።

ወይዘሮ ማርታ አፏን በእጇ ያዘች። “ጋሽ በላቸው፣ እኔኮ ሰው ከሥራ እንዲወጣ ብዬ አይደለም...”

“አንቺ ምን አደረግሽ፣ ልጄ። ሕፃኗን እግዜር ይማርልሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።”

ኡስታ “ኸላስ”፣ አበቃ፣ አለ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው፤ በሌላው ሰው ላይ ፈጽሞት ከሳቸው ላይ ቢያነሳው በማግስቱ ማን ይሰማዋል? ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ጋሽ በላቸው እጃቸውን ታጠቡ፣ ልብሳቸውን ቀየሩ፣ ቢጫውን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወጡ።

ትንሽ ቆሜ ተከትዬ ሮጥኩ። ሚክሮባስ የሚጠብቁበት ጥግ ላይ ደረስኩባቸው።

“አንድ ጊዜ ጠይቄህ ነበር” አሉኝ። “አሁንም ልጠይቅህ። መኪናውን አውርደህ ነው ያጠበቅከው?”

“አላወረድኩም።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይህን እዚያ ውስጥ ብትለው ኖሮ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።”

“እርስዎስ ለምን አልተናገሩም?” አልኩ። ድፍረቴን አያችሁ? ተቆጣሁባቸው። ዝም በማለታቸው ዝምታዬን ያቀለሉልኝ እሳቸው ናቸው ብዬ በልቤ ተቆጣሁባቸው።

“የገባኸው በኔ ቃል ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አስገብቼህ፣ ጥፋቱ የሱ ነው ብዬ ላስወጣህ? እኔ እንደዚያ አልችልም። አንተ ግን ትችላለህ። ስለ ራስህ ነው የምትናገረው።”

“አሁኑኑ ተመልሼ እነግረዋለሁ። በጌታ ስም፣ እነግረዋለሁ።”

ሚክሮባሱ መጣ። ጋሽ በላቸው አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው ዞረው አዩኝ። “ሂድና ንገረው እንግዲህ” አሉኝ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ያዙት። ኡስታ ከደወለላቸው እንዲሰሙት ነበር።

ተመለስኩ። እየሄድኩ የምናገረውን ዓረብኛ በልቤ እደጋግም ነበር፤ እኔ ነኝ፣ እሱ አልነበረም፣ እኔ ነኝ። ከሦስት አጭር ሐረግ አይበልጥም። ወርክሾፑ ስገባ ወይዘሮ ማርታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ኡስታ አዲስ ቦኮላ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር።

“የት ሄድክ? ና፣ ይህን አስገባ” አለኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አንስቶ ዘረጋልኝ። “ጥፋቱን ያገኘኸው አንተ ነህ። ጎማ አቀያየርክ፣ ፍሬኑን ነካህ፣ እንደ ተማረ ሰው ሠራህ። ከዛሬ ጀምሮ ቢጫው ያንተ ነው። ለወረቀትህም ሥራ አለው የሚል ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።”

አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ምስጋና ነበር፤ “ሹክራን፣ ያ ኡስታ”።

ቦኮላውን ቀየርኩት። ቡሎኑን በእጄ አስገብቼ፣ መኪናውን አውርጄ፣ ደልዳላ ቦታ ገፍቼ፣ ሥሩ ገብቼ አጠበቅኩት። አሰመርኩ። ቀጥ ብሎ ወጣልኝ። ወይዘሮ ማርታ ወደ ቀኝ አዞረች፤ መኪናው እንደ ታዘዘው ታጠፈ። “እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ወንድሜ” አለችኝ። የጋሽ በላቸው ስልክ ያን ቀን አልጠራም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ጋሽ በላቸው በዚያ ዕድሜያቸው ሌላ ወርክሾፕ የሚቀበላቸው አጡ፤ ዶቂ በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን ሲያዩኝ ሰላም ይሉኛል፤ እጄን ይጨብጡኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሯቸውም። ያን ዓመት በፋሲካ ማግስት እትዬ አስካለ ደውለው “ና እንጂ ልጄ፣ ብቻህን አትዋል። እሱ ቢወጣም ቦታውን አንተ ስለያዝከው ደስ ብሎኛል፤ ባዕድ ከሚይዘው” አሉኝ። ሥራ በዛብኝ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እጄ ለሳምንት አበጠ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ክሪክ አምልጦኝ ነው አልኩ።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ብሆን እናገር ነበር አትበሉኝ። እኔም ከዚያ ማክሰኞ በፊት እንደዚያ ነበር የማስበው። ሰው ክፉ የሚሆነው ክፉ ነገር አስቦ ይመስለኝ ነበር። እኔ ምንም አላሰብኩም። ያየሁትን ቀለም ተናገርኩ፣ ሲሰጡኝ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ። ይኸው ነው። ስለ ወጣትነቴ፣ ስለ ወረቀቴ፣ ስለ ስደት ብዙ ሰበብ መደርደር እችላለሁ፤ ደርድሬም አይቼዋለሁ። ጋሽ በላቸውም ስደተኛ ነበሩ።

አሁን የመኖሪያ ወረቀት አለኝ። ኡስታ ረጋብ አርጅቷል፣ ሥራውን የማዘው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መኪና ሳላወርድ ቡሎን አጥብቄ አላውቅም፤ አዲስ የገባ ሠራተኛ ሲቸኩል ካየሁ እንደ እብድ እጮሃለሁ፣ ለምን እንደሆነ አይገባቸውም። የሀገሬ ሰዎች ከማዓዲም ከዶቂም መኪናቸውን ወደኔ ያመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ቡሎኑን እያየ “ይህ ቢጫ የታመነ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የማን ቀለም ነው?” አለኝ።

“የኔ ነው” አልኩት።